ልጃችን ከማልን መረጠ

ለዘይኔ፣

አሰላሙ ዓለይኪ የኔ ዓለም። ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አልፎ ሦስተኛው እየቀረበ ነው። መቃብርሽ ጋ ስመጣ የማወራሽ ደግ ደጉን ብቻ ነው። ሰው አጠገቤ ይኖራል፣ ወይ ልጃችን ሐምዛ ይኖራል፤ ደግሞ እዚያ ቆሞ ስሞታ ማሰማት ነውር ይመስለኛል። ዛሬ ግን ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ልጅሽ ሥራ ሄዷል፤ እሱ ላይ እደርሳለሁ። አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። አስቀድሜ እውነቱን ልንገርሽና ይቅለለኝ፦ ቀንቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስቀና ነው የከረምኩት። በማን እንደሆነ ስም ሳልጠራልሽ ታውቂያለሽ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሰፈራችን ቫን ናይስ ያው ቫን ናይስ ነው፤ ከላያችን ያለው ሰውዬ ዛሬም ወንበር ይጎትታል፣ ታች ፓርኪንጉ ላይ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። የተለወጠው ሐምዛ ነበር። መጀመሪያ ጠዋት መነሳት አቆመ። ኤርፖርት ሻትሉን ልነዳ ስወጣ ተኝቶ ትቼው ሄጄ፣ ስመለስም ተኝቶ አገኘዋለሁ። ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ሳህኑ ሳይነካ ይጠብቀኛል። ቁጣም ሞከርኩ፣ ልመናም ሞከርኩ። ሁለቱንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያልፋቸዋል። በኋላ ትምህርት ቤቱ ጠራን። አማካሪዋ ልጁ ብዙ ክሬዲት የሚሉት የትምህርት ነጥብ እንደጎደለው፣ በዚህ ከቀጠለም ከጓደኞቹ ጋር እንደማይመረቅ ነገረችኝ። ሐምዛ አጠገቤ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያያል።

የካምፑን ነገር ያነሳችው ያን ቀን ነው። ልጆቹ አምስት ወር ያህል እዚያው እያደሩ ይማራሉ። ግቢው የወታደር ነው፣ ሥርዓቱም የወታደር ነው፤ ፀጉር ይላጫል፣ ስልክ ይወሰዳል፣ ጎህ ሳይቀድ ይሮጣል፣ ከዚያ ክፍል ተገብቶ የጎደለው ትምህርት ይካካሳል። ጦር ሜዳ የሚልክ የለም፣ አስገድዶ የሚያስገባም የለም። ልጁ ራሱ በአፉ «እፈልጋለሁ» ማለት አለበት።

እኔ «ወታደር» የሚለውን ስሰማ ሌላውን አልሰማሁም። ታላቅ ወንድሜ ከደሴ በወታደር መኪና ተጭኖ ሄዶ እንደቀረ ታውቂያለሽ። «ለዚህ አይደለም ያሳደግኩት» አልኳት። ሐምዛ ግን ቀና አለና «አባ፣ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ቤትህ ምን አጣህ?»

«ምንም አላጣሁም። ግን ቤት ስሆን እማ ከሥራ እስክትመጣ የምጠብቅ ነው የሚመስለኝ። ቀኑን ሙሉ እጠብቃለሁ።»

አማካሪዋ አማርኛ አትሰማም፤ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። «እሺ፣ ይግባ» ብቻ አልኳት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ካምፑ ለእያንዳንዱ ልጅ ሜንቶር የሚሉትን ሰው ይፈልጋል። ከቤት ውጭ የሆነ፣ ቅርብ የሚኖር፣ የሚጽፍለት፣ ሄዶ የሚጠይቀው፣ ከወጣም በኋላ ዓመት ሙሉ የሚከታተለው አንድ ትልቅ ሰው። እኔ በልቤ ሰው መደርደር ጀመርኩ። ወንድምሽ ዳላስ ነው፣ ይርቃል። ጓደኛዬ ጀማል ትራክ ይነዳል፣ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ስቴት ነው። የመስጊዱን ሰዎች ሳስብ ሐምዛ ቀደመኝ።

«አንክል ከማል» አለ። እንደ ቀላል ነገር።

ሳቂ ዘይኔ። እየሳቅሽ እንደሆነ ይታየኛል።

«የቱ ከማል?» አልኩት።

«አባ፣ ስንት ከማል ነው የምናውቀው?»

አንድ ከማል ነው የምናውቀው። ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ያለው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ተተኩሶ የሚታየው፣ እኔና አንቺ ገና በተዋወቅን ሰሞን ሽማግሌ ልኮ የጠየቀሽ ከማል። ያኔ እሱ ሱቁን ከፍቷል፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ጨርሷል፣ መኪናው ታጥቦ ያበራል። እኔ ሆቴል በር ላይ ቆሜ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፤ የራሴ መኪና በሩ በገመድ ነበር የሚዘጋው። አንቺ እኔን አገባሽ። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገርሽኝም። ስጠይቅሽ «ተሳስቼ ነው» ትዪና ትስቂያለሽ። እኔም አብሬሽ እስቃለሁ፤ ግን ሆዴ አይስቅም ነበር።

ቶራንስ ያለው የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት የሌሊት ሥራሽን ስትጨርሺ እኔ ነበርኩ የማመጣሽ። ቀኑን ሙሉ ላጫውትሽ ያዘጋጀሁትን ወሬ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ገና 405 አውራ ጎዳና ላይ ሳንወጣ ራስሽን መስኮቱ ላይ ጣል አድርገሽ ትተኚያለሽ። ወሬዬን ለመሪው እያወራሁ ቤት እንደርሳለን። ቅዳሜ ደግሞ ፌርፋክስ ስንሄድ እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ከማል ሱቅ ገብተሽ ሽሮና ቅመም ትገዣለሽ። በመስታወቱ አያችኋለሁ። እሱ አንድ ነገር ይላል፣ አንቺ ራስሽን ወደ ኋላ ጥለሽ ትስቂያለሽ። እየሳቅሽ ትወጫለሽ፣ መኪና ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ትተኚያለሽ። እሱ ያስቃታል፣ እኔ አስተኛታለሁ፣ እያልኩ ስንት ዓመት ተብሰለሰልኩ መሰለሽ። ብቻዬን ስሆን ለአንድ ኪሎ በርበሬ ከተማውን አቋርጬ ሌላ ሱቅ እሄድ ነበር። አንቺ አውቀሽ «የከማል በርበሬ ምን አለብህ?» ትይኛለሽ።

«ለምን እሱን?» አልኩት ሐምዛን፣ ከትምህርት ቤቱ ስንወጣ።

«ስኩል ስቀር እሱ ጋ ነበርኩ» አለኝ። «አንዳንድ ቀን ባስ ይዤ እሄዳለሁ። ዕቃ እደረድርለታለሁ።»

«እሱስ ዝም ይልሃል? ከትምህርት ስትቀር?»

«ይቆጣኛል። ግን ስለ እማ ያወራልኛል።»

እኔ እኮ ስለ አንቺ አላወራውም ነበር ዘይኔ። ስምሽን መጥራት ያቅተኝ ነበር። ለካ ልጄ ስምሽን ሊሰማ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ፌርፋክስ ይሄዳል። ያን ቀን ከማልን ጠላሁት። ከማል ደግሞ ስንጠይቀው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ «እሺ» አለ። ቢያቅማማ ኖሮ በተቀየምኩት፤ እንደዚያ ፈጥኖ እሺ ማለቱም አስቀየመኝ።

ያስገባነው በበጋ ነው። ግቢው ተራራውን ተሻግሮ ነው፤ ሙቀቱ አይጣል። ገና ከመኪና ስንወርድ አንድ ሳጅን፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ፣ ይጮህ ጀመር። ልጆቹ ሻንጣቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው ይሮጣሉ። ከጎኔ የቆመች አንዲት ሜክሲኳዊት እናት እጄን ይዛ አለቀሰች፤ አላውቃትም፣ እኔም አልለቀቅኳትም። ሐምዛን ከርቀት ሲላጩት አየሁት። ፀጉሩ ሲነሳ ግንባርሽ ወጣ። ያንቺው ግንባር፣ ያችው በስተግራ ያለች ጠባሳ የምትመስል መስመር ሳትቀር። ዞሮ ፈለገኝ፤ እጄን ከማንሳቴ በፊት «ወደ ፊት!» ብለው አዞሩት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ምን እንደመሰለ አልነግርሽም። ሳህን በሩ ላይ የማስቀምጥለት ሰው እንኳ አጣሁ። እነሱ በሚነሱበት ሰዓት ለሱብሒ ሶላት እነሳና «አሁን እየሮጠ ነው» እላለሁ። ፖስታ መላክ ይፈቀዳል፤ ነጭ ካልሲ፣ ቴምብር፣ አጭር ጽሑፍ። እኔ በአማርኛ ምን እንደምጽፍለት አላውቅም፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ይስቅብኛል ብዬ እፈራለሁ። «ጎበዝ ሁን፣ ሶላትህን አትርሳ» ብዬ ካልሲው መካከል አስገባለሁ። ከማል ግን ረዥም ረዥም ነገር እንደሚጽፍለት ራሱ ሐምዛ ነገረኝ።

አንድ ሳምንት ደውሎ፣ ሥጋው ሐላል መሆን አለመሆኑ ግር ስላለው ባቄላና ዳቦ ብቻ እየበላ እንደሆነ ነገረኝ። በነጋታው ደውዬ ለመናገር እንግሊዝኛዬን አስተካክዬ፣ ቃሎቹን ደጋግሜ ተለማመድኩ። የስልኩን ሰውዬ አገኘሁትና ገና ስሜን ስናገር «አዎ፣ አዎ፣ ሚስተር ከማል በደብዳቤ ሰምቶ ትናንት ደውሎ ነበር፤ ተስተካክሏል» አለኝ። አልሐምዱሊላህ ማለት ሲገባኝ ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ልጄ ጠገበ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር። ያጠገበው ከማል በመሆኑ ተቃጠልኩ።

ስልክ የሚሰጣቸው ለአጭር ጊዜ ነው። አንድ ሳምንት ለኔ፣ አንድ ሳምንት ለሜንቶሩ ይደውላል። የሱ ሳምንት ሲሆን ከማል ይደውልልኝና «ሐምዛ ሰላም ብሎሃል» ይለኛል። የገዛ ልጄ ሰላምታ በከማል በኩል ነው የሚደርሰኝ! «ወዓለይኩሙ ሰላም» ብዬ እዘጋለሁ።

በዚህ መሐል ዓይኔ ታመመ። ያመጣው የስኳር በሽታዬ መሆኑን ሐኪሙ ነገረኝ፤ ቀኝ ዓይኔን ሰርጀሪ አደረጉኝ። ለተወሰነ ጊዜ አትነዳም ተባልኩ። እንደኔ ላለ ሰው መኪና መከልከል እግር መቆረጥ ነው። ለሐምዛ በስልክ ነገርኩት። «ማን ያበስልልሃል?» አለኝ። «አብሽር፣ ደህና ነኝ» አልኩት። «የዓይን ጠብታውስ? ራስህ ታደርጋለህ?» «ደህና ነኝ አልኩህ እኮ።» ድምፁ ቀጠነብኝ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ከዚያ የቤተሰብ መጠየቂያ ቀን መጣ። የሚወስደኝ ሰው ማን ነው? ከማል። በር ላይ መጥቶ ጡሩምባ አልነፋም፤ ወጥቶ በሩን ከፈተልኝ። እንደ ሽማግሌ! በዕድሜ እኩያ ነን። መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ እየሰማን ሄድን። እሱ ሽቶ ተቀብቷል። ለማን እንደተቀባ ገረመኝ።

ሐምዛን ስናየው ሁለታችንም አላወቅነውም። ትከሻው ሰፍቷል፣ ሲሄድ መሬቱን አይቶ አይደለም። በሰልፍ መጥቶ ቆመ፤ ሳጅኑ «ሂዱ» ሲላቸው ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። እኔን ነው መጀመሪያ ያቀፈው ዘይኔ። ልብ ብዬ አይቻለሁ። ያን ያህል ትንሽ ሰው ሆኜ ነበር። ግን ከምሳ በኋላ «አባ፣ ዓይንህ ፀሐይ እንዳይነካው እዚህ ተቀመጥ» ብሎ ጥላ ሥር አስቀመጠኝና ከከማል ጋር ወደ ሜዳው ሄዱ። በደህናው ዓይኔ አያቸዋለሁ። ሐምዛ ያወራል፣ ከማል ይሰማል። ከዚያ ሐምዛ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከማል እጁን አንገቱ ላይ አደረገ።

አንቺን ስንቀብር እንኳ ያላለቀሰ ልጅ ነው። እኔ እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞ ነበር የቆመው። ተነስቼ ወደነሱ ሄድኩ። ስደርስ ዝም አሉ። ሐምዛ ዓይኑን ጠርጎ «ኦኬ አባ፣ ልንሰለፍ ነው» አለ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ትንሽ ታገስኩ፤ ብዙ አልቻልኩም።

«ምን አለህ?»

«ለኔ ያለኝን ነዋ» አለ ከማል።

«ልጄ ነው።»

«ልጅህ ነው። ማን ካደ?»

«ታዲያ ለምን አንተ ጋ ያለቅሳል?»

«አንተን ማስለቀስ ስለሚፈራ። እኔን አይፈራኝማ። ደሞ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል ኑሩ፤ አትጠይቀኝ።»

ያኔ አፌን መያዝ አቃተኝ። «መጀመሪያ እሷን ፈለግክ» አልኩት። «እሷ አልሆነችልህም። አሁን ደግሞ ልጇን ነው?»

ከማል በቀረበው መውጫ ከፍሪዌዩ ወጣ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገባ፣ ጥግ ይዞ ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ። እጁ መሪው ላይ ነው። ወደኔ አላየም።

«ኦኬ» አለ። «ዕድሜህን ሙሉ ልትለኝ የፈለግከውን ዛሬ አልከው። አሁን እኔም ልናገር። ሽማግሌዎቹ እንቢታዋን ሳያመጡልኝ በፊት ራሷ ሱቅ መጣች። ከሰው አፍ እንድሰማው አልፈለገችም። ‹ለምን እሱ?› አልኳት። ወላሂ ሰደብኩህ። ያችን በገመድ የምታስራትን መኪናህንም ሰደብኩ። ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? ‹ከማል፣ አንተ ጋ ስሆን እንዳልሳሳት እጠነቀቃለሁ። እሱ ጋ ስሆን እንቅልፍ ይወስደኛል።›»

እኔ የወንበሬን ቀበቶ ፈታሁ።

«ያኔ አልገባኝም» አለ ከማል። «ስድብ መስሎኝ በሆዴ ሳቅኩብህ። የገባኝ እኔ ራሴ አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ነው። እኛ ቤት እሷም እኔም እንቅልፍ አልነበረንም። እዚህ አገር አጠገቡ ሆኖ እንቅልፍ የሚወስደውን ሰው ስንቱ ያገኛል? ስለዚህ ቅናት ካነሳህ፣ ተረኛው እኔ ነኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያንተ ልጅ ሱቄ ውስጥ ጣሳ ሲደረድር ያን ቀን ቤት ያለኝ ይመስለኛል። ከፈለግክ ተወው በለኝ፣ እተዋለሁ። ግን እሱን ጠይቀው።»

ሐኪሙ ዓይኔን እንዳላሽ ከልክሎኛል። እንባው እንዲሁ ሳይነካ ወረደ። ከማል ወርዶ ውኃ ገዛና አመጣልኝ፤ ከዚያ ቤቴ አደረሰኝ።

እውነቱን ልንገርሽ? በዚያች ቃል ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት መሰልቸት የመሰለኝ እንቅልፍሽ ለካ ያ ነበር። ግን ደስታዬ ውስጥ ሌላ ቅናት ተነሳ። ይህን ያህል ዓመት ይህች ቃል እሱ ዘንድ ነበረች። የኔ የሆነችውን ቃል ለሱ ነግረሽ፣ እሱ ይዟት ኖረ፤ ለኔ «ተሳስቼ ነው» አልሽኝ። ለምን አልነገርሽኝም? ነግረሽኝ ቢሆን መሪውን እንደ እንቁላል ይዤ ነበር የምነዳሽ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ከማል ቤታችን መምጣት ጀመረ። ከዐስር ሶላት በኋላ ይመጣል። ያን ሁሉ ትራፊክ ከፌርፋክስ እስከ ቫን ናይስ! ምስር ወጥ ይዞ ይመጣል፣ ሾርባ ይዞ ይመጣል። በነዳጅ ማደያው ንግግር ተጸጽቶ መሰለኝ። ወይም ደግነቱን ሊያሳየኝ ነው አልኩ። «አያስፈልግም» እለዋለሁ፤ «ጠብታው የት አለ?» ይለኛል። አስቢው ዘይኔ፦ እኔ አንቺ ወንበር ላይ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ከማል ከላዬ ቆሞ፣ በሁለት ጣቱ የዓይኔን ቆብ ገልጦ ጠብታ ይጨምርልኛል። «አትንቀሳቀስ» ይለኛል። በዓለም ላይ ፊቴን በቅርብ እንዲያየው የማልፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። እጁ አይንቀጠቀጥም። አንድ ቀን ዓይኔ ሲጠራ መጀመሪያ አጥርቼ ያየሁት የሱን አፍንጫ ነው።

ቀስ በቀስ ጠብታው ካለቀ በኋላም መቀመጥ ጀመረ። ሱቅ ውስጥ ያስቅሽ የነበረው ወሬ ምን እንደነበር ጠየቅኩት። «ስላንተ ነበር» አለኝ። «በመስታወት አንገትህን አስግገህ ስትሰልለን አሳያት ነበር።» ተናድጄ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ። ሳቄ ቤቱ ውስጥ ሲሰማ ደነገጥኩ፤ ከሄድሽ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን ስምሽን ያለ ችግር ጠራሁት። እሱ ያንቺን ወሬ ያወጣል፣ እኔ እሱ የማያውቀውን አወጣለሁ፣ ላሸንፈው። ሐምዛን ስትወልጂ አዋላጇን በአማርኛ የሰደብሽበትን ስነግረው አሸነፍኩት።

ምረቃው ብርድ በገባ ሰሞን ሆነ። እንድነዳ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ ቢሆንም አብረን ሄድን፤ እኔ ነዳሁ፣ ከማል ከጎኔ ተቀመጠ። ልጆቹ በሰልፍ ገቡ። ሐምዛ ባንዲራ ከያዙት አንዱ ነበር። ሲያልፍ ፊቱን አላዞረም፣ አፉ ጥግ ላይ ግን የታፈነ ሳቅ አየሁ። የጎደለውን ትምህርት ጨርሷል። ያች የመጀመሪያው ቀን ሜክሲኳዊት እናት ከኋላዬ ተቀምጣ ትከሻዬን እየመታች ታለቅሳለች።

ሲያበቃ መጥቶ አቀፈኝና ወዲያው ፊቴን ይዞ ዓይኔን አየ። «ጠብታውን በሰዓቱ ያደርግልህ ነበር?» አለኝ።

«አንተ እንዴት አወቅክ?»

ከማልን አየው። ከማል ጫማውን ያያል።

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት» አለኝ ልጄ። «ያን የመጣችሁ ቀን ላቋርጥ ነበር አባ። ዕቃዬን ሸክፌ ጨርሼ ነበር። እማን ሲያማት አጠገቧ አልነበርኩም፣ ስኩል ነበርኩ። አንተንም እንደዚያ ላጣህ ነው ብዬ ፈራሁ። አንክል ከማልን ‹ወደ ቤት ውሰደኝ› ስለው ‹አልወስድህም፣ እኔ ግን በየቀኑ እሄድልሃለሁ› አለኝ።»

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ‹ና› ትለኛለህ። ‹ና› ካልከኝ ደግሞ እመጣ ነበር።»

እውነቱን ነው። «ና» እለው ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስብ እለው ነበር።

ለከማል ምን ልበለው? አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ያን ሁሉ ጊዜ አፍህን ይዘህ ተቀመጥክ?» ነው። «አስምሎኛል አልኩህ እኮ» አለኝ። እጁን ይዤ ቆየሁ። እሱም ገባው።

አሁን ሐምዛ ባልድዊን ሂልስ አካባቢ ቤት የሚያድሱ ሰዎች ጋር የኤሌክትሪክ ሥራ እየተማረ ነው። ጠዋት ከኔ ቀድሞ ይነሳል። አልጋውን አንሶላው እስኪወጠር ያነጥፋል፤ የኔንም አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ቅዳሜ ከማል ሱቅ ይሄዳል፤ እኔም አብሬ እገባለሁ፣ መኪና ውስጥ መጠበቅ ትቻለሁ። አሁንም ሁለቱ አንድ ነገር ተንሾካሹከው ሲስቁ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይነክሰኛል። አልዋሽሽም፣ አልለቀቀኝም። ለካ ቅናት ይዞም ሰው መውደድ ይቻላል።

ባለፈው አርብ ከማልን አንቺ ጋ አመጣነው። ከቀብርሽ ቀን ወዲህ መጥቶ አያውቅም ነበር፤ እኔ ደስ እንደማይለኝ ያውቅ ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። «ቅረብ» አልኩት። ሦስታችን ቆምን፣ ሐምዛ በመሐል። እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግን። እኔ ጨርሼ ፊቴን አበስኩ። ሐምዛም ጨረሰ። ከማል አልጨረሰም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆሟል። ምን ይሆን ይህን ያህል የሚላት? ጠበቅኩ። አሁንም አልጨረሰም።

እንደገና እጄን ዘረጋሁ፣ ዘይኔ። ሐምዛ በጎን አይቶኝ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን እንዳላየሁት ሆንኩ፤ ከማል ጨርሶ ሄዶ፣ መኪናው ጋ ደርሶ፣ በሩን ሲዘጋ እስክሰማ ድረስ ዱዓዬን አላቋረጥኩም። ወደፊትም እንዲሁ ነው። ማንም ይምጣ፣ ማንም ያስታውስሽ፣ ማንም ስላንቺ ደግ ያውራ፤ እኔ ከሁሉም በኋላ ነው ካጠገብሽ የምነሳው።

«የኔ» እያልሽ የምትጠሪኝ፣
ኑሩ